ከየት ሆኖ ይታያል? ሞዴል ሠሪዎች ከሌሎች የሞዴል ዘርፎች ስለሚቀስሙት ዕውቀት የቀረበ ዳሰሳ

የአንድን ነገር ቅርጽ በታወቀ ልክ አሳንሶ የመሥራት ጥበብ፣ ማለትም ሞዴል ሥራ፣ ከውጭ ለሚያየው አንድ ሙያ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የየራሳቸው መጽሔት፣ ውድድርና የዳኝነት መለኪያ ያላቸው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ቢያደንቅም እምብዛም የማይማርበት የበርካታ ዘርፎች ስብስብ ነው። የፕላስቲክ ታንክና አውሮፕላን የሚገጣጥመው፣ የባቡር መስመር የሚዘረጋው፣ የጣት ቁመት ያላቸውን ወታደሮች ቀለም የሚቀባው፣ የአሻንጉሊት ቤት የሚያደራጀው፣ ለፊልም ከተማ የሚሠራውና ለሙዚየም የአራዊት ትዕይንት የሚያዘጋጀው ሰው ሁሉም በአብዛኛው ተመሳሳይ ሙጫ፣ ተመሳሳይ ስቱኮና ተመሳሳይ ብርጭቆ ወረቀት ይጠቀማሉ፤ የሚለያዩት ሥራቸው በማን፣ ከየትና ለምን እንደሚታይ በሚሰጡት መልስ ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚነሳውም ከዚሁ ነው። እያንዳንዱ ዘርፍ የላቀበትን ነገር ያገኘው በጣዕም ብቻ ሳይሆን፣ የተመልካቹ አቋቋም፣ የሥራው አገልግሎትና የሚሸከመው ጫና ስላስገደደው ነው። ስለዚህ ከሌላ ዘርፍ የሚማር ሰው ዘዴውን ብቻ ነጥቆ ቢሄድ የሚያተርፈው ጥቂት ሲሆን፣ ዘዴውን የወለደውን ጥያቄ አብሮ ከወሰደ ግን ሙያው ይሰፋለታል። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሰጠው በቁጥር ብዙ ለሆኑት ለፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ነው፤ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስኬል የሚለውን ቃል ማብራራት ያስፈልጋል። ስኬል የሞዴሉ ልክ ከእውነተኛው ነገር ልክ ጋር ያለው ንጽጽር ሲሆን፣ 1/72 ሲባል በሞዴሉ ላይ ያለች 1 ሴንቲ ሜትር በእውነተኛው አካል ላይ 72 ሴንቲ ሜትር ትወክላለች ማለት ነው። ብዙ ሠሪዎች የሚዘነጉት ግን ስኬል የሚያሳንሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ርቀትንም ጭምር መሆኑን ነው። የ1/72 አውሮፕላን ከዓይን 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያዝ፣ እውነተኛው አውሮፕላን 21.6 ሜትር ርቆ ሲቆም የሚታየውን ያህል ይታያል፤ የ1/700 መርከብ በዚያው ርቀት ሲያዝ ደግሞ ከ210 ሜትር ላይ እንደሚታይ መርከብ ነው።

የፕላስቲክ ሞዴል ታሪክ ራሱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ የንግድ ስም በ1936 ፔንግዊን ብሎ ለገበያ ያቀረባቸው የ1/72 አውሮፕላኖች ከፕላስቲክ ኪቶች፣ ማለትም ክፍሎቻቸው ተነጣጥለው በሳጥን ከሚሸጡና ገዢው ከሚገጣጥማቸው ሞዴሎች፣ ቀደምቶቹ ናቸው። በ1942 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዚሁ ስኬል 500,000 የእንጨት አውሮፕላኖችን ቀርጸው እንዲያስረክቡ ጠየቀ። እነዚያ ሞዴሎች ጥቁር ከመቀባታቸው በቀር ምልክትም ሆነ የመስኮት ዝርዝር አልነበራቸውም፤ ተኳሹና አብራሪው ወዳጅን ከጠላት የሚለየው በቅርጹ ጥላ ስለሆነና 11 ሜትር ያህል ርቆ የተሰቀለ የ1/72 ሞዴል 800 ሜትር ገደማ ርቆ የሚበረውን አውሮፕላን ስለሚመስል፣ ከዚያ ያለፈ ዝርዝር ለዓላማው ምንም አይጨምርም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ኤርፊክስ በ1952 ያወጣት ትንሿ ጎልደን ሃይንድ የተባለች መርከብ የኪትን ንግድ በእንግሊዝ ስታስፋፋ፣ ሞዴሉ ከጣሪያ ወርዶ ወደ ጠረጴዛ መጣ፤ የሠሪው ዓይንም እየቀረበ ሄዶ በመጨረሻ አጉሊ መነጽር ላይ ደረሰ።

ይህ መቅረብ ለዘርፉ ትልቁን ብቃቱንና ትልቁን ድክመቱን በአንድነት አስገኝቶለታል። ብቃቱ የገጽታ ጥራት ነው፤ የመገጣጠሚያው መስመር በስቱኮ ተሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ኤርብረሽ በተባለው በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ ቀጭን መሣሪያ ተቀብቶ ሲያልቅ፣ ሁለት የፕላስቲክ ግማሾች እንደነበሩ የሚናገር ምልክት አይቀርም። ድክመቱ ደግሞ በአንዲት ሰረዝ ይታያል። በብዙ የ1/72 ኪቶች ላይ የአውሮፕላኑ የብረት ቆርቆሮዎች የሚጋጠሙበት መስመር 0.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት ተቦርቡሮ ይመጣል፤ ይህ ሲባዛ 21.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ክፍተት በቆርቆሮዎቹ መካከል ያለው አውሮፕላን ሊበር ባይችልም፣ ሠሪው በዚያ ቦይ ውስጥ ጥቁር ቀለም አፍስሶ መስመሩን ይበልጥ ያጎላዋል፤ ዳኛውም ሥራው ጥርት ያለ ነው ብሎ ያመሰግነዋል። ልማዱ የተወለደው ለዓይን የሚያምር ነገር ከመፈለግ እንጂ ከልኬት አይደለም፤ ይህም በራሱ ነውር ባይሆንም፣ ልኬትን መመኪያው ባደረገ ዘርፍ ውስጥ ሳይታወቅ መቅረቱ ግን ያስገርማል።

ከዚህ አንጻር ብዙ ትምህርት ያለው በባቡር ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ዕቃ ሳይሆን ቦታ ነው፤ ባቡሩ የሚነሳበት፣ የሚያልፍበትና የሚደርስበት መልክዓ ምድር ከሌለ ባቡሩም ትርጉም የለውም። ቦታ ደግሞ በልኬት ብቻ ሊሠራ አይችልም። 400 ሜትር ርዝመት ያለው የባቡር ጣቢያ፣ ኤች ኦ በሚባለው በ1/87 ስኬል ቢሠራ 4.6 ሜትር ያህል ይወስዳል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ደግሞ 11.5 ሜትር ስለሚሆን ከተራ መኖሪያ ቤት አዳራሽ ይበልጣል። ስለዚህ የባቡር ሠሪው ከመጀመሪያው መምረጥን ይለምዳል፦ ከአሥር መጋዘኖች ሁለቱን ያስቀራል፣ ጣቢያውን ያሳጥራል፣ የሚታወቅበትን ማማ ግን አይነካም። ይህን በመረጣ ማሳጠር ብለው ይጠሩታል፤ ተመልካቹ ቦታውን የሚያውቀው በምን ምልክት እንደሆነ ያልጠየቀ ሰው ሊሠራውም አይችልም።

የዚህ ዘርፍ ታላቅ ስም በካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ ከተማ በቤቱ ምድር ክፍል ጎር ኤንድ ዳፌቲድ የተባለውን መስመር የዘረጋው ጆን አለን ነው። አለን በሙያው ፎቶግራፍ አንሺ ስለነበረ ብርሃን የት እንደሚወድቅና ዓይን የት እንደሚቆም ያውቅ ነበር፤ በመሆኑም ተራሮቹን ከወለል እስከ ጣሪያ አቆመ፣ ከኋላ ያሉትን ነገሮች በትንሽ ስኬል ሠርቶ ርቀትን አስመሰለ፣ መስተዋት ደብቆ መንገዱን አራዘመ፣ ሠረገሎቹንና ሕንጻዎቹንም በጭስ፣ በአቧራና በዝገት ቀለም አስረጃቸው። ማስረጀት፣ ማለትም አዲሱን ሞዴል አገልግሎት የሰጠ እንዲመስል ማድረግ፣ ዛሬ የታንክ ሠሪዎች መለያ ተደርጎ ቢቆጠርም፣ የባቡር ሠሪዎች የተፈጨ የጠመኔ ዱቄት በብሩሽ እየነሰነሱ ሲሠሩበት ኖረው ነው የታንክ ሠሪዎቹ ያንኑ ዱቄት በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ መግዛት የጀመሩት። አለን በጥር 1973 ካረፈ ከቀናት በኋላ በቤቱ እሳት ተነስቶ አብዛኛውን ሥራውን በልቶታል፤ ያተረፈለት ያነሳቸው ፎቶግራፎች ናቸው፤ ተፅዕኖውም የተላለፈው በእነሱ በኩል ነው።

በእንግሊዝ ኦክስፎርድሸር የሚገኘው የፔንዶን ሙዚየም የዚህ ተቃራኒ አብነት ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ሮይ ኢንግላንድ የመሠረተው ይህ ተቋም የዋይት ሆርስ ሸለቆን የ1930ዎቹ መልክ በ1/76 ስኬል ለማቆየት ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ ጎጆዎቹ እውነተኛ ሕንጻዎችን በመለካት የተሠሩ ናቸው። ጆን አለን የሌለ አገር ፈጥሮ እውነተኛ አስመሰለ፤ ፔንዶን ደግሞ የነበረውን አገር ሳይጠፋ መዘገበ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ፍሬ ቢስ ቢሆንም፣ የታንክ ዲዮራማ የሚሠራ ሰው፣ ማለትም ሞዴሉን በተሠራ መልክዓ ምድር ውስጥ የሚያቆም ሠሪ፣ ከሁለቱ አንዱን አስቦ መምረጥ ሲገባው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ሳያስብ አንድ የፈረሰ ግድግዳና ጥቂት ጡብ ደርድሮ ይተዋል።

የባቡር ሠሪዎች ስለ ልኬት ያላቸው ቅንነትም ሊጠቀስ ይገባዋል። የእንግሊዝ ባቡሮች ከሌሎቹ አውሮፓውያን ባቡሮች ጠበብ ያሉ በመሆናቸው ሞዴሎቻቸው ሲጀመሩ የነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር በ1/87 አካላቸው ውስጥ አልገባ አለ፤ ስለዚህ አካሉን ወደ 1/76 (በትክክል 1/76.2) አሳድገው ሐዲዱን ግን በኤች ኦው የ16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ተዉት። ይህ ስፋት ሲባዛ 1,257 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ ከእውነተኛው 1,435 ሚሊ ሜትር በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠባል። ብዙዎቹ እያወቁ ይቀበሉታል፤ ያልተቀበሉት ደግሞ በ18.83 ሚሊ ሜትር ሐዲዱን በእጃቸው ይዘረጋሉ። የታንክ ሞዴል ዋና ስኬል የሆነው 1/35 ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ የጃፓኑ ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሲያወጣ ልኩን የወሰነው ሞተርና ባትሪው እንዲገባ በሚያስፈልገው ቦታ ነበር። ልዩነቱ የባቡር ሠሪው ስለዚህ ጉዳይ በየጊዜው መከራከሩ፣ የታንክ ሠሪው ግን 1/35ን ከሰማይ እንደወረደ ሕግ መቀበሉ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ምንጭ የትንንሽ የሰው ምስሎችን የሚቀቡ ሰዎች ዘርፍ ነው። በጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ ላይ የሚቆም 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ወታደር በአብዛኛው የሚታየው ከአንድ ሜትር ያህል ርቀት ነው፤ ይህ በእውነተኛው ዓለም 60 ሜትር ርቆ እንደቆመ ሰው ሲሆን፣ በዚያ ርቀት የሰውን ፊት መለየት ያስቸግራል። የክፍል ብርሃንም ከየአቅጣጫው ለስልሶ ስለሚመጣ፣ በልብሱ እጥፋት ውስጥ ጎላ ያለ ጥላ አይጥልም። ስለዚህ ቀቢው ብርሃኑንና ጥላውን ራሱ ይቀባዋል፦ ከላይ የሚወርደውን የፀሐይ ብርሃን አስቦ የራስ ቁሩን፣ ትከሻውንና የአፍንጫውን ጫፍ ያነጣል፣ ከአገጭና ከክንድ በታች ያለውን ያጨልማል። ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1987 ጀምሮ ያካሄደው ጎልደን ዴመን የተባለ የቅብ ውድድር ይህን ጥበብ ከጨዋታ መለዋወጫነት አውጥቶ ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት አንዱ ነው።

ይህ ዘዴ ወደ ታንክ ሠሪዎች የተሻገረው በሁለት ማዕበል ነው። በመጀመሪያው፣ በ1970ዎቹ፣ አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ከምስል ቅብ የተማረውን፣ ቀጭን ጥቁር ቀለም በጎድጓዳው ላይ ማፍሰስንና ሊደርቅ የተቃረበ ብሩሽ በጠርዞች ላይ ማሻሸትን፣ ለሞኖግራም ኪቶች ባዘጋጃቸው በራሪ ጽሑፎች አስተማረ። በሁለተኛው፣ በ2000ዎቹ፣ ሚግ ሂሜኔዝን የመሳሰሉ የስፔን ሠሪዎች ያስፋፉት ቀለምን በየገጹ የማለዋወጥ ስልት መጣ፤ በዚህ ስልት የታንኩ እያንዳንዱ ሰሌዳ ከላይ ነጣ፣ ከታች ጠቆር ተደርጎ ይቀባል። ክርክሩም እዚህ ላይ ተነሳ። ተቃዋሚዎቹ አንድ ቀለም የተቀባ ብረት በሰሌዳው ሁሉ ሊለያይ አይችልም ሲሉ፣ ደጋፊዎቹ ደግሞ ያልተለዋወጠው ሞዴል አሻንጉሊት ይመስላል ብለው መለሱ። በዚህ ዳሰሳ አመለካከት ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን ስተውታል። ለጨዋታ ወታደር የተቀባው ብርሃን የሚሠራው ተመልካቹ ርቆ ስለሚቆም ነው፤ ሠሪው ግን ሥራውን ለዳኛው ዓይን ወይም ለካሜራ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ካቀረበው በኋላ የዚያን ሩቅ ተመልካች ቅብ ቢጠቀም፣ ሞዴሉ በተዞረ ቁጥር የተቀባው ፀሐይ ከክፍሉ መብራት ጋር ይጣላል። ዘዴው ተሻግሯል፤ ጥያቄው ግን አልተሻገረም።

ፔይን ራሱ ለዚህ ችግር ያቀረበው መፍትሔ ከቅቡ ይልቅ ትኩረት ይገባው ነበር። ትዕይንቱን በሳጥን ውስጥ ዘግቶ፣ በአንድ መስኮት ብቻ እንዲታይ አድርጎና መብራቱን ደብቆ የሚሠራቸው ሥራዎቹ የተመልካቹን አቋቋምና የብርሃኑን ምንጭ በአንድ ጊዜ ይወስናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባ ጥላ ሁሉ ቦታውን ያውቃል። ይህን መንገድ በፊቱ የተጓዘው የአሻንጉሊት ቤት ዘርፍ ነው፤ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የሚገኙት 68 የናርሲሳ ቶርን ክፍሎች በ1/12 ስኬል ተሠርተው የሚታዩት በመስኮት በኩል ሲሆን፣ ከኋላ በሌላ በር የሚገባው ብርሃን የማይታይ ኮሪደርና ግቢ መኖሩን ያሳምናል።

ከአሻንጉሊት ቤት ወገን ግን እጅግ የሚያስተምረው የፍራንሲስ ግሌስነር ሊ ሥራ ነው። ይህች አሜሪካዊት በ1940ዎቹ በሃርቫርድ ለሚሠለጥኑ የፖሊስ መርማሪዎች ሰው የሞተባቸውን ክፍሎች በ1/12 ስኬል አዘጋጀች፤ ከእነዚህም 18ቱ ዛሬ በሜሪላንድ ባልቲሞር በሕክምና መርማሪው ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። በሥራዋ ውስጥ በስፒል የተሠሩ የእግር ሹራቦች፣ በእጅ የተጠቀለሉ ሲጋራዎች፣ የሚከፈቱ በሮችና የሚበሩ መብራቶች አሉ። ሆኖም ዝርዝሩ የተሠራው ለመደነቅ አይደለም። ሠልጣኙ ክፍሉን እያየ ሟቹ ራሱን ገደለ፣ በአደጋ ሞተ ወይስ ተገደለ የሚለውን መመዘን ስላለበት፣ የወንበሩ አቀማመጥ፣ የምግቡ ሁኔታና የደሙ ነጠብጣብ እያንዳንዱ ማስረጃ ነው፤ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ዕቃ መርማሪውን ያሳስታል። ይህ መለኪያ በተራ የጦር ዲዮራማ ላይ ቢሠራበት ብዙ ነገር ይወድቃል። ጭቃው በታንኩ ጎን ላይ እስከ ምን ድረስ ደረሰ፣ ከየትኛው መንገድ፣ መሬቱስ ለምን ደረቅ ሆነ? ዝገቱ ከወራት በፊት የተቃጠለ ታንክ ዝገት ከሆነ፣ ወታደሮቹ ዛሬ የሚሸሹት ከምንድን ነው? ማስረጀት ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ምስክርነት የሚሆነው ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ ሲኖረው ነው።

የሙዚየም ዲዮራማ በአብዛኛው በሙሉ ልክ ስለሚሠራ ከሞዴል ተርታ ባይቆጠርም፣ ጥቂት ሜትሮችን አድማስ ማስመሰል የሚለውን ችግር ከሁሉ የተሻለ የፈታው እሱ ነው። በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ1936 በተከፈተው በካርል ኤክሊ አዳራሽ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን ከነደጋው መልክዓ ምድር ቆሞ ይታያል። የሙዚየሙ የበስተጀርባ ሠዓሊ ጄምስ ፔሪ ዊልሰን በትምህርቱ የሥነ ሕንጻ ባለሙያ ስለነበረ፣ ሥዕሉ በጎበጠ ግድግዳ ላይ ሲወጣ የሚደርስበትን መዛባት በፍርግርግ መስመር እያሰላ ያስተካክል ነበር። በአዳራሹ ሊሰረቅ የሚገባው ምሥጢር እውነተኛው መሬት ከሥዕሉ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነው፤ እዚያ ላይ ቁጥቋጦ፣ የመሬት ጉብታ ወይም የቁልቁለት ጠርዝ ይቀመጥና መገናኛው ይሸሸጋል፤ ቀለሙም ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየነጣና ወደ ሰማያዊ እያደላ ይሄዳል። አውሮፕላን ሠሪዎች ትክክለኛውን የወታደራዊ ቀለም ቁጥር ይዘው ሞዴሉ ለምን እንደጠቆረባቸው ሲጨነቁ፣ መልሱ ያለው ከ21 ሜትር ርቀት በሚታይ ቀለም ላይ ስለሚያልፈው አየርና ብርሃን በሚያስበው ሠዓሊ ዘንድ ነው።

ፊልም ሠሪዎች ከፕላስቲክ ዘርፍ ብዙ ወስደዋል፤ የ1977ቱ ስታር ዋርስ መርከቦች ገጽታ ከታንክና ከመርከብ ኪቶች በተነቀሉ ክፍሎች የተሞላ ነው። በምላሹ የሚሰጡት ትምህርት ግን ስለ እንቅስቃሴና ስለ ውኃ ነው። አንድ ነገር ከከፍታ ወድቆ መሬት እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ በ1/16 ስኬል የተሠራ ግንብ ሲፈርስ በአራት እጥፍ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 24 ሳይሆን 96 ምስል ይቀረጻል፤ ያኔ ሲታይ ክብደት ያገኛል። ዊሊያም ፍሩድ በ1870ዎቹ በእንግሊዝ ቶርኪ ባሠራው የሙከራ ገንዳ የመርከብ ሞዴሎችን የጎተተው በዚሁ ሕግ መሠረት ነበር፤ የ1/100 ሞዴል የመርከቡን ማዕበል የሚደግመው በአንድ አሥረኛ ፍጥነት ሲጎተት ነው። ለቆመ ሞዴል ይህ ምን ይፈይዳል ቢባል፣ በ1/700 መርከብ አፍንጫ ላይ የሚሠራው ሞገድ ቁመት መርከቡ በስንት ፍጥነት እንደሚሄድ ይናገራል። ብዙ ሠሪዎች ግን መልሕቅ ጥሎ የቆመን መርከብ በማዕበል ይከቡታል፤ ወይም በሙሉ ፍጥነት የሚሮጠውን በረጋ ኩሬ ላይ ያቆሙታል።

ስለ ሌሎቹ ዘርፎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተሠሩት የባሕር ኃይል ቦርድ ሞዴሎች የታችኛውን ጎናቸውን ሳይለብሱ አጥንታቸው እንዲታይ ተደርገው በመሠራታቸው፣ መተውም የሥራ አካል መሆኑን ያስታውሳሉ፤ የሥነ ሕንጻ ባለሙያዎች ነጭ የካርቶን ሞዴሎችም እንዲሁ። ከ1980 ጀምሮ በባንዳይ የሚወጡት የጋንዳም ሮቦት ኪቶች ከጊዜ በኋላ ያለ ሙጫ የሚገጣጠሙ ስለሆኑ፣ ክፍሎችን ለየብቻ ቀብቶ መጨረሻ ላይ መግጠምን ያለማምዳሉ። ይህ ጠቃሚ ቢሆንም የሥራ ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ሮቦቱ የሚነጻጸርበት እውነተኛ አካል ስለሌለ ስለ ልኬት የሚያስተምረው ጥቂት ነው።

እነዚህ ዘርፎች ዛሬ ወደው ሳይሆን ተገደው እየተቀራረቡ ያሉት በሦስት ገጽታ ማተሚያ ምክንያት ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ስኬል የራሱ የብረት ቅርጽ ማውጫ ያስፈልገው ስለነበር ዘርፎቹ በፋብሪካ ይለያዩ ነበር፤ አሁን ግን አንድ የኮምፒውተር ፋይል በ1/35 ታትሞ ለታንክ ሠሪ፣ በ1/87 ታትሞ ለባቡር ሠሪ ሊደርስ ይችላል። ችግሩ ፋይሉ ራሱ ምን እንደሚተው አለማወቁ ነው። በእውነተኛው ታንክ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእጅ መያዣ ብረት በ1/35 0.34 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሊታተም ይችላል፤ በ1/87 ግን 0.14 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከማተሚያው ሳይወጣ ይሰበራል፣ ቢተርፍም በመጀመሪያው የቀለም ርጭት ይዋጣል። ስለዚህ ፋይሉን የሚያሳንሰው ሰው የትኛውን ብረት እንደሚያወፍር፣ የትኛውን በቀለም ብቻ እንደሚያሳይና የትኛውን ፈጽሞ እንደሚያስቀር በየስኬሉ አዲስ ውሳኔ መስጠት አለበት፤ ይህንንም ውሳኔ በየዕለቱ ሲሰጡ የኖሩት ጣቢያቸውን ከ400 ሜትር ወደ ጠረጴዛ ልክ ያሳጠሩት የባቡር ሠሪዎችና ፊት የማይለይበት ርቀት ላይ ፊት የሚቀቡት ምስል ቀቢዎች ናቸው።